ሰፊው ሄልሜት

ፍቅርአዲስ ከዋርሳን ፊት ይልቅ ጀርባውን አጥብቃ ታውቃለች። ምን ታድርግ! እሱ በሞተሩ ፊት ፊት ይሄዳል፣ እሷ በባጃጅ ከኋላ ትከተለዋለች። እሱ በስፖኪዮው ሰርቆ ያያታል፣ እሷ በባጃጁ ነጂ ትከሻ ላይ አሻግራ ታየዋለች። ነጂው «የት ነው የምትወርጂው?» ሲላት «ቀጥል» ትላለች፤ ሞተሩ ሲታጠፍ «እዚህ ጋ ታጠፍ» ትላለች፤ ሞተሩ ሲቆም «ወራጅ አለ» ትላለች። በድሬ ዳዋ እንዲህም ይዋደዳል። የአቶ ጉግሳ ልጅ ከአንድ የሶማሌ ጎረምሳ ሞተር ላይ ተፈናጥጣ በከዚራ ሰፈር ብትታይ፣ ወሬው እሷን ቀድሞ አባቷ በር ላይ ወንበር ስቦ ይቀመጥ ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ዋርሳን ከዚራ ካሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ካርቶን ታቅፎ ሲጠብቃት ገና ከሩቅ ስታየው ልቧ ዘለለ። ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለች። ተማክረው ቆርጠዋል። ነገ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ባጃጅ የለም፣ መደበቅ የለም። ሞተሩ ላይ ከኋላው ተቀምጣ፣ በጠራራ ፀሐይ ከተማውን አቋርጠው አባቷ በር ላይ ይወርዳሉ። ዋርሳንም ለአቶ ጉግሳ «ልጅህን እወዳታለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፈጣሪ ያውቃል።

«ክፈቺው አቦ! ምን ታዪኛለሽ?» አላት።

ነጭ ሄልሜት ነው። በጎንና ጎኑ ቀጭን ቀይ መስመር ወርዶበታል፣ የፊቱ መስታወት ገና ፕላስቲኩ አልተላጠም። ፍቅርአዲስ ሹሩባዋን ወደ ኋላ ሰብስባ አጠለቀችው። ሄልሜቱም ሳያንገራግር ሸርተት ብሎ ቅንድቧ ላይ አረፈ። ራሷን ወደ ቀኝ አዞረች፤ ራሷ ዞረ፣ ሄልሜቱ ግን ፊት ለፊት እያየ ቀረ። በአንድ ዓይኗ ስፖንጅ፣ በአንድ ዓይኗ ዋርሳንን እያየች ሳቋን ለቀቀችው።

«ዋርሳን፣ ይሄ የማን ራስ ነው?»

ዋርሳን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን አገጯ ሥር አጠበቀላት። የጣቱ ጫፍ አንገቷን ሲነካው ሳቋ ለዘበ። ዓይኑን ብትፈልግ ዓይኑ ማሰሪያው ላይ ነው። ሁለት ጊዜ አጠበቀው፣ ሁለት ጊዜ ነቀነቀው፤ ሄልሜቱ ሁለቱንም ጊዜ ተንከላወሰ።

«ትለምጂዋለሽ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሄልሜት ደግሞ ይለመዳል እንዴ? አንተ አይደለህ እንዴ ‹ጉንጭ ካልያዘ ሄልሜት አይደለም፣ ድስት ነው› ያልከኝ? ‹የላላ ሄልሜት ከሰውየው ቀድሞ ይወድቃል› ያልከኝስ ማነው?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ማን መረጠው?»

ዋርሳን ወደ ሞተሩ ዞር አለ። «ሆዮ» አለ። እናቴ ማለቱ ነው።

የፍቅርአዲስ ሳቅ ያኔ ደረቀ። የዋርሳንን እናት ዐስሊን በዓይን አታውቃትም፣ በዝና ግን ማን የማያውቃት አለ? መጋላ ውስጥ ሄልሜት ትሸጣለች። ገበያው ሁሉ «ኤዶ ዐስሊ» ነው የሚላት፤ አክስቴ እንደማለት። ሜትር አትይዝም፣ አታስሞክርም። ሰው ከደጅ ሲገባ አንዴ ቀና ብላ ታየዋለች፣ ከመደርደሪያው አንዱን ታወርዳለች፣ በቃ፤ ልክ ነው። ዐስሊ የራስ ልክ ሳተች ከሚባል የደቻቱ ወንዝ ወደ ላይ ፈሰሰ ቢባል ይቀላል። ስለዚህ ይህ ሄልሜት በስህተት አልሰፋም።

ያኔ ነው ዋርሳን አምና እየሳቀ የነገራት ነገር ትዝ ያላት። «ሆዮ ሻሽ ለሚያስሩ ሴቶች አንድ ቁጥር ታሳድጋለች፤ ሻሹም ቦታ ይፈልጋላ!» ብሏት ነበር። አምና አብራው ስቃለች። ዛሬ ግን ያ ሻሽ የሙስሊም ምራት ሻሽ ሆኖ ታያት።

«ለሻሽ ነው የተለካው» አለች።

ዋርሳን የሞተሩን የነዳጅ ክዳን ያለ ምክንያት አጠበቀ።

«ዋርሳን፣ ለሻሽ ነው የተለካው? ንገረኝ።»

«አላውቅም።»

«አልጠየቅካትም?»

«ፍቅር፣ ስሚኝ። ስላንቺ ሳነሳባት ተነስታ የምትወጣ ሴት ናት። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ ከመደርደሪያ አወረደችና ‹ይሄ የዛች ልጅ ነው› አለችኝ። ሰፊ እንደሆነ ሳየው አውቄያለሁ። ምን ብዬ ልጠይቃት? የዘረጋችውን እጅ እንዳትሰበስብ ፈራሁ።»

«እናትህን ስለፈራህ የኔ ራስ ሄልሜት ውስጥ ይንከላወስ?»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷንም አስደነገጣት። ግን መመለስ አልቻለችም። ቃል ቃልን ጎተተው።

«ምን ነበር የተባባልነው? አንተ ጁምዓህን፣ እኔ ሰንበቴን። አንዳችን ያንዳችንን አንነካም አላልንም? የአባቴን ፊት ለመጋፈጥ የተዘጋጀሁት እኮ ይህን ቃል አምኜ ነው። እናትህ በሄልሜት ቁጥር ‹ትለወጥ› ስትልህ አንተ ‹ትለምጂዋለሽ› ትለኛለህ!»

«በኔ በኩል የተለወጠ ነገር የለም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ፍቅርአዲስ ሄልሜቱን አወለቀች፣ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው፣ እግሩ ሥር አኖረችው። «ነገ አትምጣ» አለችው። ዋርሳን የራሱን ጥቁር ሄልሜት አጠለቀ፣ መስታወቱን ዘጋ፣ ዓይኑ ከዚያ ወዲያ አልታያትም። ካርቶኑን ሳያነሳ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ከኋላው የሚከተለው ባጃጅ አልነበረም። ፍቅርአዲስ መንገዱ ዳር ካርቶን ታቅፋ ቆማ፣ አንድ ጊዜ እንኳን በስፖኪዮ ያየኝ ይሆን እያለች ሆድ ባሳት።

*

አቶ ጉግሳ የሥራ ዘመኑን የጨረሰው ምድር ባቡር ነው። ባቡሩ ጣቢያ ገብቶ ሲቆም፣ ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ እየሄደ የብረት ጎማዎቹን አንድ በአንድ ያንኳኳ ነበር። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ይሰማል። ጤነኛው ብረት ይዘፍናል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል። ባቡሩ ቀረ፣ ጡረታው መጣ፣ የማንኳኳት አመሉ ግን አልቀረም። ጋዝ ሲሊንደር ያንኳኳል፣ የውሃ በርሜል ያንኳኳል፣ ገበያ ወጥቶ ሀብሀብ ሲያንኳኳ ሻጮቹ «አባባ፣ ግዛ ወይ ሂድ!» ይሉታል። ያንኳኳው ነገር ጤነኛ ከሆነ እጁን እላዩ ላይ አሳርፎ ትንሽ ይቆያል። ስንጥቅ ከሰማ ግን እሳት እንደነካ ሰው እጁን መንጭቆ ያነሳል። ፍቅርአዲስ ከልጅነቷ ጀምሮ የአባቷን አፍ ሳይሆን እጁን አይታ ነው ነገር የምታውቀው።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የዚያን ዕለት ማታ ራት ቀርቦ ተቀምጠው ሳለ አቶ ጉግሳ ጉርሻውን ይዞ ቆም አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ምን አባዬ?»

«አንቺን ይዞ የሚመጣ ባጃጅ ሁሉ ፊት ፊቱ አንድ ሞተር አለ። ባጃጁ ይለዋወጣል፣ ሞተሩ አንድ ነው። የማን ነው?»

ልትጎርስ ያነሳችውን እንጀራ መለሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላየንም ብለው የተደበቁበት መላ፣ ለካስ አባቷ በር ላይ ተቀምጦ እንደ ፉርጎ ሲቆጥረው ኖሯል።

«እምነቱን አልጠየቅኩሽም» አለ አቶ ጉግሳ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ። «እሱን ብጠይቅሽ ሌላ ጠብ ነው፣ ያ ጠብ ይቆየን። የጠየቅኩሽ ይህን ነው። ልጄን የሚወድ ሰው ለምንድነው ከፊቷ የሚሮጠው? የሚያፍረው ባንቺ ነው ወይስ በራሱ?»

«ከዛሬ ወዲያ አይመጣም፣ አባዬ» አለች።

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ» አለ። ግን እንዲያ ብሎም ፊቱ አልተፈታም። እሷም አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ ከአልጋዋ ሥር ያለው ካርቶን ጀርባዋን የሚቆረቁራት እየመሰላት፣ ጥሩ የተባለው ነገር የቱ ጋ እንዳለ ስትፈልግ አነጋች።

*

ነሐሴ ነው። እሑድ ከጠዋቱ ጀምሮ በሐረር በኩል ያለው ተራራ ጥቁር ደመና ተከናንቧል። ከተማው ላይ ግን ጠብ አላለም፤ ድሬ እንደ ልማዷ ትቃጠላለች። ፍቅርአዲስ ከቅዳሴ ወጥታ ቤት ገባች፣ ካርቶኑን በትልቅ ፌስታል ከተተች፣ ተመልሳ ወጣች። ነጠላዋን ከራሷ አላወረደችም። ሆን ብላ ነው። «እንደ ሆንኩት ትየኝ» ብላ፣ የደቻቱን ድልድይ በእግሯ ተሻግራ መጋላ ገባች። ደሟ እንደፈላ ነበር።

የዐስሊ ሱቅ ጠባብ ናት። ሄልሜቶቹ ከጣሪያው እንደ ቅል ተንጠልጥለዋል። ከመሐላቸው አንዲት ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ በሻሽ ላይ ሻርፕ የደረበች ሴት ቀና ብላ አየቻት። አንድ ጊዜ ብቻ።

«መጣሽ» አለች ዐስሊ።

ፍቅርአዲስ ከቤቷ ጀምሮ ያዘጋጀችው ንግግር በዚህች አንዲት ቃል ተበተነ። «እንደምን ዋሉ፣ ኤዶ ዐስሊ» አለች።

«አቦ፣ እኔ አንድ ሴት ነኝ። አንቺ በይኝ። ምን ይዘሽ ነው?»

«ሄልሜትሽን ልመልስ ነው። የኔ ራስ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«አንቺ የምትፈልጊያት ምራት ራስ ነው። ሻሽ ያሰረችው።» ካርቶኑን ከፌስታሉ አወጣችው። «እኔ የሰው እምነት አልንቅም። ልጅሽንም ‹እምነትህን ተው› ብዬው አላውቅም፣ አልለውምም። ግን እኔን ሌላ ሴት አድርጎ በሄልሜት መለካት … ይህን ፊት ለፊት ብትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር።»

ዐስሊ ካርቶኑን ከእጇ ተቀበለች፣ ነጩን ሄልሜት አወጣች።

«ወደ ብርሃኑ ነይ።»

«ሞክሬዋለሁ እኮ!»

«ነይ አልኩሽ።»

ፍቅርአዲስ ተጠጋች። ዐስሊ ነጠላዋን አላስወለቀቻትም። እንደተከናነበች፣ ሹሩባዋ ከኋላ እንደተጠቀለለ፣ ሄልሜቱን በሁለት እጇ ይዛ ከላይ አጠለቀችላት። ማሰሪያውን አገጯ ሥር ቀጭ አደረገችው።

«ራስሽን ነቅንቂ።»

ነቀነቀች። ሄልሜቱ አብሯት ተነቀነቀ። ጉንጯን ይዟል። ቅንድቧ ላይ አልወረደም። የትም አልሸሸም።

«ልክ ነው?» አለች ዐስሊ።

«ልክ ነው» አለች ፍቅርአዲስ፣ ምንም ሳይገባት።

«እኔ የለካሁት ይሄን ነው።» ዐስሊ በጣቷ የነጠላዋን ጥለት ነካ አደረገችው። «አንድ ቀን ነው ያየሁሽ። ባለፈው ሳይሆን በዛኛው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ በር ፊት ለፊት ባጃጅ የምጠብቅ መስዬ ቆምኩ። ወላሂ፣ ልወድሽ አይደለም የሄድኩት፤ ልጠላሽ ነው። ልጄን የወሰደብኝን ፊት ልየው ብዬ ነው። እንዲህ ተከናንበሽ ወጣሽ። ደጃፉን ሳምሽ። እንዲህ ጎንበስ እንዳልሽ ብዙ ቆየሽ። ሌላ ቀን አላየሁሽም፤ እኔ የናንተን ነገር መቼ አውቄ! ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ መሰለኝ። ይህችን ጨርቋን በሞተር ምክንያት እንድታወልቅ አላደርግም አልኩ። ለዛ ነው ያሰፋሁት።»

ፍቅርአዲስ ሄልሜቱ ውስጥ ሆና የራሷን ትንፋሽ ብቻ ሰማች። ትናንት የተናገረችው ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ ተመልሶ መጣባት። መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

«ሻሽ ይታሰራል፣ አይንቀሳቀስም። ይሄ ጨርቅሽ ግን ለካ ንፋስ ሲነካው ይንሸራተታል፤ ለመንገድ አይሆንም» አለች ዐስሊ፣ ማሰሪያውን እየፈታችላት። «እሱን አላሰብኩም። በሕይወቴ የሳትኩት ራስ ያንቺ ነው።»

«ኤዶ ዐስሊ … ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ …»

«ቆይ፣ ቶሎ አታልቅሺ። ደስ ብሎኛል አላልኩሽም። ልቤ ገና ይታገለኛል። የባሌ ወንድሞች ሲመጡ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ግን ልጄ ከኋላው የጫናት ሴት ልጅ ራሷ ተፈንክቶ ቢመጣ፣ እኔ ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ ሄልሜት እሸጣለሁ?»

ፍቅርአዲስ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግ ፊቷን ስታዞር ነው ያየችው። ከበሩ ጎን ምስማር ላይ አንድ ጥቁር ሄልሜት ተሰቅሏል። ለሽያጭ አይደለም። ግራ ጎኑ ላይ ያለውን ጭረት በደንብ ታውቀዋለች፤ ከባጃጅ ውስጥ ሆና ስንት ጊዜ አይታዋለች!

«ዋርሳን የት ነው?» አለች።

የዐስሊ ፊት ተለወጠ። «ጀልዴሳ ነው። ገጠር ያሉ ዘመዶቻችን ፍየል ታሞባቸው ሌሊት ደወሉለት፣ መድኃኒት ይዞ ጠዋት ወጣ። ይሄን እዚህ ሰቀለው። ‹እሷ ካላጠለቀች እኔም አላጠልቅም› አለኝ። ጅል! ሄልሜት በኩርፊያ ይወለቃል? በር ድረስ ተከትዬ ጮህኩበት። ሄደ።»

ፍቅርአዲስ ስልኳን አወጣች። ደወለች። ጥሪ አይቀበልም። እንደገና ደወለች።

ያኔ ነው ከሩቅ ድምፁ የመጣው። መጀመሪያ ከባድ መኪና መሰለ፤ ከዚያ ብዙ ከባድ መኪና መሰለ። መንገዱ ላይ ሰው ወደ ድልድዩ መሮጥ ጀመረ። «ደቻቱ መጣ! ደቻቱ መጣ!» የሚል ጩኸት ከሱቅ ሱቅ ተሻገረ። ፀሐዩ እንደበረታ ነው፣ ሰማዩ ጠብ አላለም፤ የተራራው ዝናብ ግን የወንዙን ደረቅ አሸዋ ሞልቶ ከተማውን ለሁለት ከፍሎ እየወረደ ነው። የጀልዴሳ መንገድ ስንት ደረቅ ወንዝ እንደሚያቋርጥ ሁለቱም ሴቶች ያውቃሉ።

ጎረቤት ጎማ የሚሸጠው ወርሳሜ በሩ ላይ ብቅ አለ። ለዐስሊ በሶማሊኛ አንድ ነገር ነገራት። ዐስሊ ካርቶን ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ምን አለ?» ፍቅርአዲስ ጮኸች። «ምን አለ ኤዶ?»

«በጀልዴሳ በኩል … ውሃ አንድ ሞተር ወሰደ ይላሉ።»

«የማን?»

«አያውቁም።»

ፍቅርአዲስ ጥቁሩን ሄልሜት ከምስማሩ አወረደችና ደረቷ ላይ አቀፈችው። ውስጡ የዋርሳን ፀጉር ቅባት ይሸታል። «ነገ አትምጣ» ያለችው እሷ ናት። ሌላ ማንም አይደለም። ዐስሊ መቁጠሪያዋን ይዛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ፍቅርአዲስ ማተቧን ጨብጣለች። ትንሽ ቆይቶ ዐስሊ ነጻ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች፣ ፍቅርአዲስም ያዘችው። የማን እጅ የበለጠ እንደቀዘቀዘ መለየት ያስቸግር ነበር።

የዋርሳን ሞተር ድምፅ ሲመጣ መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላው ሆና የሰማችውን ድምፅ እንዴት ትስተዋለች!

ዋርሳን እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ግንባሩ ላይ ጣት የሚያህል ቁስል ደም ደርቆበታል። የሞተሩ ግራ ስፖኪዮ ከሥሩ ተገንጥሏል። ዐስሊ ዘላ ወጣች። «ወሪያ! አንተ ልጅ!» ብላ ጮኸች፣ በሻርፗ ጫፍ ትከሻውን ደጋግማ መታችው፣ ከዚያ በዚያው ሻርፕ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

«ደህና ነኝ፣ ሆዮ። የተወሰደው የሌላ ሰው ነው፣ ባለቤቱም ወጥቷል። እኔ ጠርዙ ላይ ነው የወደቅኩት …» ቀና ሲል ፍቅርአዲስን አያት። ነጠላዋን፣ ያበጠ ዓይኗን፣ ደረቷ ላይ ያቀፈችውን ሄልሜት አየ።

ፍቅርአዲስ ተራመደችና ጥቁሩን ሄልሜት ራሱ ላይ አጠለቀችው፤ ቁስሉን ላለመንካት ቀስ ብላ። ማሰሪያውን አገጩ ሥር ቀጭ አደረገች።

«ፍቅር፣ ልጠይቃት ነበር። ዛሬ ማታ ልጠይቃት …»

«ጠይቄያታለሁ» አለችው። «ሁለተኛ ይሄን ብታወልቅ ግን እኔ ነኝ የምገድልህ።»

ዐስሊ ፊቷን ጠርጋ ወደ ሱቋ ገባች። «አንቺ፣ ጨርቅሽን ትከሻሽ ላይ አውርጂ» አለች ከውስጥ። ፍቅርአዲስ ነጠላዋን አወረደች። ዐስሊ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት፣ ዞረች፣ ከመደርደሪያው ሰማያዊ ሄልሜት አወረደች። አጠለቀችላት። አልነቀነቀችውም፣ አላስነቀነቀቻትም።

«ይሄ ለመንገድ ነው። ነጩም ያንቺ ነው፣ አትመልሺው። ሂዱ አሁን። ዛሬ ካልሄዳችሁ ነገ ሁለታችሁም ትፈራላችሁ።» ይህን ስትል ድምፅዋ ደረቅ ነበር። የፍቅርአዲስን ማሰሪያ ስታስተካክል ግን ጣቷ ጉንጯ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ።

*

ድልድዩ ላይ ግማሽ ድሬ ዳዋ ጎርፍ ሊያይ ቆሟል። ዋርሳን ሞተሩን አቀዘቀዘ። ከሥራቸው ቡናማው ውሃ ቅርንጫፍና ጀሪካን ይዞ ይጋልባል፤ ከላይ ሰዉ ለሞተሩ መንገድ እየለቀቀ ዞር ዞር ብሎ ያያል። ከሚያዩት መሐል ከሰፈሯ ሁለት ሴቶች አየች። እጇ የመደበቅ ልማድ ይዞት መስታወቱን ሊዘጋ ተነሳ። መለሰችው። እንዲያውም እስከ ላይ ከፈተችው። «እዩ» አለች በልቧ።

አቶ ጉግሳ በሩ ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ፊቱ ሲቆም አልተነሳም። ፍቅርአዲስ ወረደች። ዋርሳን ክንዷን ያዛት፤ አባቷ ያያል ብሎም አልለቀቃትም።

«አባባ ጉግሳ …» አለ ዋርሳን።

«ከባጃጅ ፊት የምትሄደው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ባጃጁ የታለ?»

«የለም። ከእንግዲህ አይኖርም። ልጅህን እወዳታለሁ አባባ። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

አቶ ጉግሳ ጭቃውን አየ፣ የተገነጠለውን ስፖኪዮ አየ፣ ከሄልሜቱ ሥር የምትታየውን የደም ጭረት አየ። ከዚያ ወደ ሴት ልጁ ዞረ። ከበርጩማው ተነሳ። ፍቅርአዲስ ሊያስወልቃት መስሏት እጇ ወደ ማሰሪያው ሄደ።

አባቷ ግን የጣቱን አንጓ አጠፈና ሄልሜቷን አንኳኳ። ከላይ፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አደመጠ። ፍቅርአዲስ ድምፁን ከውስጥ ሰማችው። ልጅ ሆና ጣቢያው ላይ ከእናቷ ጋር ቆማ ስትሰማው የነበረው ድምፅ መሰላትና እንባዋ በስፖንጁ ላይ ወረደ።

«ማን መረጠልሽ?» አለ።

«እናቱ።»

አቶ ጉግሳ ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን መገረሙ አይታወቅም። «የእምነቱን ነገር ገና አልጨረስንም» አለ። «ቀላል እንዳይመስላችሁ።»

«አይመስለንም» አለ ዋርሳን።

ከዚያ ማንም ሳይነግረው ራሱን ዝቅ አደረገ። ጥቁሩን፣ የተጫረውን ሄልሜት ከሽማግሌው እጅ ሥር አደረገና ጎንበስ እንዳለ ቆየ። የአቶ ጉግሳ እጅ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ፍቅርአዲስ ያቺን እጅ ብቻ አየች። አንድ ጊዜ አንኳኳ። ቆመ። ሌላ ጊዜ አንኳኳ። ጆሮውን ዘንበል አደረገ።

ምን እንደሰማ አልተናገረም። ፍቅርአዲስም አልጠየቀችውም። የአባቷን እጅ ታውቀዋለች፤ ስንጥቅ ከሰማ መንጭቆ ያነሳው ነበር። እጁ ግን በዋርሳን ራስ ላይ እንዳረፈ ቆየ።